ፕሮፌሰር ቪክቶር ሄስ እና ከሰማይ የሚወርደው ጨረር (1883-1964)

በዚህ እትማችን ለአንባብያን የምናቀርበው የአንድ ኦስትርያዊ የፊዚክስ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ነው። አስቀድመን ግን በኢጣልያ ወደሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጎራ እንበል። በ2004 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተጀመረው ሥራ፥ ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ከ50 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ተተክለዋል፤ ከገጣጠሟቸውም መካከል ተማሪዎቹ ራሳቸው ይገኙበታል። ወጣቶቹ በትምህርት ቤታቸው ሆነው የሚቆጥሩትን ይህን ጨረር ለማግኘት ፕሮፌሰር ቪክቶር ፍራንዝ ሄስ ሕይወታቸውን ለአደጋ ማጋለጥ ነበረባቸው።

ሄስ ጁን 24 ቀን 1883 ስቲርያ በተባለው የኦስትርያ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። አባታቸው የአንድ መስፍን የደን ኃላፊ ነበሩ። በግራዝ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1906 የዶክትርና ማዕርግ ከተቀበሉ በኋላ፥ በ1910 በቪየና የራዲየም ምርምር ተቋም ረዳት ሆኑ።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱን ያስቸገረ አንድ ጥያቄ ነበረ። በኤሌክትሪክ የተሞላ መለኪያ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘጋ ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ስለዚህ አንድ የማይታይ ጨረር በውስጡ ያልፋል ማለት ነው። ብዙዎች ጨረሩ ከመሬት ማዕድናት የሚወጣ ነው ይሉ ነበር። ኢየሱሳዊው ካህን አባ ቴዎዶር ዉልፍ በ1910 የራሳቸውን መለኪያ ይዘው ፓሪስ በሚገኘው የኤፌል ግንብ ላይ ወጡ፤ በ300 ሜትር ከፍታ ጨረሩ የቀነሰው ከታሰበው እጅግ ባነሰ መጠን ነበር። የእኒህ አባት ስም ዛሬ እምብዛም አለመነሣቱ እኛን ያሳዝነናል፤ ሄስ ወደ ሰማይ ይዘው የወጡት መለኪያ የተሠራው በእርሳቸው ንድፍ ነውና።

ሄስ ከ1911 እስከ 1913 ዐሥር ጊዜ በባሉን ወጡ። አፕሪል 17 ቀን 1912 ፀሐይ በጨረቃ በተጋረደች ጊዜ ሲለኩ ጨረሩ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ዋናው ምንጭ ፀሐይ እንዳልሆነች ተረዱ። ኦገስት 7 ቀን ማለዳ ደግሞ ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ከቦሄምያ ከተማ ከአውሲግ ተነሡ። ባሉኑ የተሞላው በጥቂት ብልጭታ በሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ነበር፤ የተሳፈሩበት ቅርጫትም ክፍት ነው። በብርዱና በሳሳው አየር መካከል ሦስቱን መለኪያዎች በየተራ እያነበቡ እስከ 5350 ሜትር ደረሱ። መጀመሪያ ጥቂት ቀንሶ የነበረው ጨረር፥ ከፍታው በጨመረ ቁጥር እየበረታ ሄዶ በላይኛው አየር ከመሬቱ በእጅጉ በልጦ ተገኘ። እኩለ ቀን ገደማ ከበርሊን በስተ ምሥራቅ ሲወርዱ መልሱን ይዘው ነበር፤ ጨረሩ የሚመጣው ከላይ ነው።

ሁሉም ወዲያው አላመነም። የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ከ24 ዓመታት በኋላ በ1936 ሲሆን፥ ከአሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ጋር ተካፍለውታል። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሠሩበት ራዲየም እጃቸውን አቃጥሎት አውራ ጣታቸውን አጥተዋል። ክብሩም ብዙ አልቆየላቸውም። በ1938 ናዚዎች ኦስትርያን ሲይዙ፥ እርሳቸው ጽኑ ካቶሊካዊ፥ ባለቤታቸውም በትውልድ አይሁዳዊት ነበሩና ከግራዝ መምህርነታቸው ተባረሩ። ኒው ዮርክ የሚገኘው የኢየሱሳውያን ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ተቀበላቸው።

ሄስ በተሰደዱበት በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ መለኪያዎቹን አራርቆ ቢያስቀምጥ፥ በአንድ ቅጽበት አብረው ሲመዘግቡ አገኛቸው። አንድ ኃይለኛ ቅንጣት ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጭ እልፍ ቅንጣቶችን ይወልዳል፤ እነርሱም እንደ ካፊያ በሰፊ ቦታ ላይ ይወርዳሉ። ታዲያ ካፊያውን ለማወቅ አንድ መለኪያ አይበቃም፤ በየቦታው የተበተኑ፥ ሰዓታቸው በሳተላይት የተስተካከለ ብዙ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ። በከተማው ሁሉ ተበትኖ የሚገኝ፥ ጣሪያም ጠያቂም ልጆች ያሉት ቤት ከትምህርት ቤት ሌላ ምን አለ? አባ ዉልፍ ያስተምሩባት በነበረችው በሆላንድ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎችና መምህራን መለኪያዎቹን በመኪና ላይ ዕቃ በሚጫንበት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርገው በየትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አኖሩ። የሚቆጥሩት ነገር ሩቅ አይደለም፤ በዘረጋነው መዳፍ ላይ እንኳ በየሰከንዱ አንድ ያህል ቅንጣት ያልፋል።

ሄስ በ1944 አሜሪካዊ ዜግነት ተቀበሉ፤ በ1946 ስለ እምነታቸው በጋዜጣ ጻፉ። ጨረር በገላ ላይ የሚያደርገውን በእጃቸው ያወቁ ነበሩና የአቶሚክ ቦምብ ሙከራዎችን ተቃወሙ። እስከ 1956 አስተምረው፥ ዲሴምበር 17 ቀን 1964 ኒው ዮርክ አጠገብ በምትገኘው በማውንት ቨርነን በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።