ኤርዊን ሮሜልና ኒሻኖቹ

«የበረሃው ቀበሮ» እየተባለ የሚጠራው ኤርዊን ሮሜል፣ ብዙዎቻችን እንደምንገምተው ከጦር መኳንንት ወገን የመጣ አልነበረም። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እርሱም በ1891 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በደቡብ ጀርመን በሃይደንሃይም ከተማ ተወለደ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብረት መስቀልን ሁለቱንም ደረጃ ገና በጧቱ አገኘ። ዳሩ ግን ልቡ ያረፈው «ፑር ለ ሜሪት» በሚባለው በሰማያዊው የፕሩስያ መስቀል ላይ ነበር። በኦክቶበር 1917 በካፖሬቶ ጦርነት፣ ከጥቂት ጭፍሮች ጋራ ቀንና ሌሊት ሳይል ከተራራ ወደ ተራራ እየወጣ ሲዋጋ በ52 ሰዓት ውስጥ የማታዩርን ጫፍ ያዘ፤ ወደ 9000 የሚጠጉ የኢጣልያ ወታደሮችም ማረከ። ነገር ግን ተራራውን የያዘው ሌላ መኮንን ነው የሚል የተሳሳተ ወሬ ስለ ደረሰ፣ ኒሻኑ ለዚያ ሰው ተሰጠ። ሮሜል ይህን በዝምታ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ አቤት አለ። በመጨረሻም በዲሴምበር መስቀሉ በአንገቱ ላይ ታሰረለት። እኛ ይህን ስናነብ ጀግንነቱን ብናደንቅም፣ ክብርን አጥብቆ የመውደድ ጠባዩንም ሳናይ አናልፍም።

ይህ ጠባይ ኋላ ወደ ሂትለር አቀረበው። በ1939 የሂትለር አጃቢ ጦር አዛዥ ነበር፤ በ1940 ሰባተኛውን የታንክ ክፍለ ጦር የተቀበለውም በሂትለር ሞገስ ነው። በፈረንሳይ ዘመቻ የፈረሰኛ መስቀል ተሸለመ። ያንን ሞገስ የሰጠው እጅ በሕዝቦች ላይ ምን ይሠራ እንደ ነበር ዛሬ ስለምናውቅ፣ ሮሜልን ስናመሰግን አፋችን ይያዛል።

በፌብሩዋሪ 1941 ትሪፖሊ ደረሰ። ጊዜው የኢጣልያ ጦር ከአገራችን የሚባረርበት ወራት ነበር። በመስቀሉ ላይ በዚያው ዓመት የባሉጥ ቅጠል፣ በጃንዋሪ 1942 ሰይፍ ተጨመረለት። በጁን 1942 ጦብሩክን በያዘ ማግሥት፣ በ50 ዓመቱ ፊልድ ማርሻል ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ኤል አላሜይን መጣ። ሂትለር አንድ እርምጃ እንዳትሸሽ ብሎ አዘዘው፤ ሮሜል መጀመሪያ ታዘዘ፣ በማግሥቱ ግን ጦሩን ይዞ አፈገፈገ። የሚያስገርመው፣ ከሁሉ የሚበልጠው አልማዙ የተሰጠው በማርች 1943፣ ድል ሳይሆን ሽንፈት በቀረበበት ጊዜ ነው። በሜይ ወር በቱኒዝያ የቀረው ጦር እጁን ሰጠ።

በጁላይ 1944 በኖርማንዲ የእንግሊዝ አውሮፕላን መኪናውን ደብድቦ ክፉኛ አቈሰለው። በዚያው ወር በሂትለር ላይ በተደረገው የግድያ ሙከራ እጁ አለበት ተብሎ ተጠረጠረ። በኦክቶበር 14 ሁለት ጄኔራሎች ኸርሊንገን ወደሚገኘው ቤቱ መጡ። ወይ መርዝ ጠጣ፣ ወይ ለፍርድ ቅረብ፤ መርዙን ከመረጥህ ሚስትህና ልጅህ አይነኩም አሉት። እርሱም ሚስቱንና የ15 ዓመት ልጁን ማንፍሬድን ተሰናብቶ በመኪናቸው ሄደ። ጥቂት ቈይቶ ሞተ። ለሕዝቡ ግን በቍስሉ ሞተ ተብሎ ተነገረ።

ከአራት ቀን በኋላ በኡልም ከተማ ቀብሩ በመንግሥት ሥርዓት ተፈጸመ። ሂትለር የአበባ ጉንጉን ላከ፤ ማርሻል ፎን ሩንድሽቴት የሙገሳ ንግግር አደረገ። ኒሻኖቹ ሁሉ በትራስ ላይ ተደርድረው በሬሳው ፊት ሲሄዱ፣ እውነቱን የሚያውቁት ሚስትና ልጅ ከኋላ ዝም ብለው ይከተሉ ነበር።