ሰማዩን ያገነነው ሠዓሊ

ዛሬ ያኮብ ፋን ራይስዳል ስለተባለ የሆላንድ ሠዓሊ ሕይወት በአጭሩ እናጫውታችኋለን። ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ያኮብ በ1620ዎቹ መጨረሻ ሃርለም በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የሥዕል ክፈፍ ሠሪና ሠዓሊ፣ አጎቱ ሰሎሞንም የታወቀ ሠዓሊ ነበሩ። እሱም በ1648 ገና በወጣትነቱ የከተማው ሠዓሊያን ማኅበር አባል ሆነ።

እንደምታውቁት የሆላንድ ምድር ሜዳ ነው። ታዲያ ተራራ የሌለበትን አገር ሥሎ ሰውን ማስደነቅ እንዴት ይቻላል? ያኮብ መላ አገኘለት። ሃርለምን ከሩቅ ሲሥል ምድሩን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ፣ ከሥዕሉ ሁለቱን እጅ ለሰማይ ሰጠው። ደመናው አንዱን ማሳ ሲያጠላ በሌላው ላይ ብርሃን ይወርዳል። ብርሃኑም ጨርቅ እንዲነጣ በተሰጣበት መስክ ላይ ያርፋል። ዓይናችሁ ከጥላ ወደ ብርሃን እየተራመደ እስከ ከተማው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን በ1650ዎቹ የሠራው የአይሁድ መቃብር ሥዕል ነው። በስፔንና በፖርቱጋል ከደረሰባቸው መከራ ሸሽተው አምስተርዳም የገቡ አይሁድ በ1614 አውደርከርክ በተባለ መንደር የመቃብር ቦታ ገዙ። ቤት ሐይም፣ ማለትም የሕይወት ቤት አሉት። ያኮብ የእነሱ ሃይማኖት ተከታይ አልነበረም፤ ነገር ግን ቦታው ድረስ ሄዶ መቃብሮቹን ነደፈ። ሲሥል ግን በዚያ ስፍራ የሌለውን ፍርስራሽና የሚወርድ ጅረት ጨመረበት። የደረቀ ዛፍና ጥቁር ደመናም አኖረ። ከደመናው ሥር ቀስተ ደመና ዘረጋ። የሚያዩት ሰዎች በፍርስራሹ የሰውን ሥራ አላፊነት፣ በቀስተ ደመናው ደግሞ ተስፋን ያስተውላሉ። ይህን ሥዕል ሁለት ጊዜ ሠርቶታል፤ አንዱ በጀርመን ድሬስደን፣ ሌላው በአሜሪካ ዲትሮይት ይገኛል።

ያኮብ በ1650ዎቹ አጋማሽ ገደማ ወደ አምስተርዳም ሄዶ ኖረ። ሚስት አላገባም። በ1682 ሲሞት አስከሬኑ ወደ ሃርለም ተመልሶ፣ ከሩቅ ይሥለው በነበረው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ውድ አንባቢያን፣ በሱዳን መንገድ ዘመዶቻችንን ያለ ምልክት ቀብረን የመጣን ብዙዎች ነን። ስለዚህ ልጆቻችሁ እርሳስ ሲያነሱ የተወለዳችሁበትን መንደር ንገሯቸው፤ ወንዙ በየት እንደሚወርድ፣ መቃብሩ ከየትኛው ዛፍ አጠገብ እንደነበረ። ያላዩትን ስፍራ ከአፋችሁ ሰምተው ይሥሉታል።

ሰላም ሁኑ።