ማሪ ኩሪ (1867–1934 እ.ኤ.አ.)
ራጅ ሲነሱ ባለሙያው ከመከለያ ጀርባ የሚቆመው ለምን ይመስልዎታል? የማሪ ኩሪ ሕይወት መልሱን ይነግርዎታል።

በዋርሶ የተወለዱት ማሪ በፊዚክስና በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የራጅ መሣሪያ በመኪና አስጭነው ወደ ፈረንሳይ ጦር ግንባር ወሰዱ። ሐኪሞች በቁስለኞች ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይትና የተሰበረውን አጥንት አይተው ማከም ቻሉ። ማሪ 150 ያህል ሴቶችንም የራጅ ሥራ አስተማሩ።

የጨረር ጉዳት ገና በሚገባ ስላልታወቀ በቂ መከላከያ አልነበራቸውም። በ1934 ያረፉት መቅኒ በቂ ደም ማምረት ሲያቅተው በሚከሰት ሕመም ነው፤ መንስኤውም ለዓመታት ያገኛቸው ጨረር እንደሆነ ይታመናል።

ዛሬ አንድ ራጅ ሲነሱ የሚያገኝዎት ጨረር አነስተኛ ነው። ባለሙያው የሚከለለው ሥራው የየዕለት ስለሆነ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ ግን ከመነሳትዎ በፊት ይንገሩ።