ከከምባታ እስከ ደካን፦ የማሊክ አምባር ሕይወትና የሸራ መርከብ ጉዞ

ማሊክ አምባር በአብዛኛው የሚታወቀው በደቡብ ሕንድ የደካን አምባ ላይ የሙጋልን ጦር ለሩብ ምዕተ ዓመት በመመከቱ ነው። በዚህም ምክንያት የሕይወት ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከሕንድ ምድር ይጀመራል፤ ወደዚያ ያደረሰው የባሕር ጉዞም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ይሁን እንጂ የአምባርን ዕድል በሚገባ ለመረዳት፣ የሸራ መርከቡን ከማጓጓዣነቱ ባሻገር የራሱ ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል።

አምባር የተወለደው በ1548 ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ኢተን የትውልድ ቦታውን ዛሬ አንጋጫ በምትገኝበት በከምባታ ምድር ያደርገዋል፤ ሐረርን የሚጠቅሱም አሉ። የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ ነበር። በዚያ ዘመን ከመሀል አገር ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሮች ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዱ ነበር፤ በምላሹም የሕንድ የጥጥ ጨርቅ ይገባ ነበር። ስለዚህ ከሕንድ የመጣው ጨርቅና ከደጋው የተወሰደው ሕፃን የአንድ ንግድ ሁለት ገጽታዎች ነበሩ። ቻፑ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ወደብ በሞካ ተሸጠ።

ይህን ንግድ ያገለገሉት መርከቦች በተለምዶ ሳንቃቸው በሚስማር ሳይሆን በኮኮናት ጭረት ገመድ የተሰፋ፣ አካላቸው በዓሣ ዘይት የተቀባ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ የሚዘረጉ ነበሩ። ስፌቱ ውሃ ስለሚያስገባ ባሕረኞች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ውሃውን ይቀዱ ነበር። ከባዱን የሸራ ወራጅ ወደ ምሰሶው አናት ማውጣት የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቅ ስለነበር ሥራው በዜማ ይመራ ነበር። የመርከቡ አለቃ ናኹዳ፣ አቅጣጫ መሪው ደግሞ ሙአሊም ይባላል። ሙአሊሙ ካማል በተባለ፣ ቋጠሮ ያለው ክር በተሰካበት ትንሽ ጣውላ የዋልታውን ኮከብ ከፍታ ይለካ ነበር።

በመርከቡ ላይ እጅግ ውዱ ነገር የመጠጥ ውሃ ነበር፤ በልክ ይታደላል። ሩዝ፣ ቴምርና የደረቀ ዓሣ ዋና ምግብ ሲሆኑ፣ እሳት የሚነደው አሸዋ በተሞላ ሣጥን ላይ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው መኝታ ክፍል ስለሌለው በጭነቱ ላይ ይተኛል። ነጋዴው፣ ወደ መካ የሚጓዘው ሐጃጅና ባሪያው አንድ ነፋስና አንድ ስጋት ይጋራሉ። ልዩነቱ የሚታየው መርከቡ መልሕቅ ሲጥል ነው፤ ነጋዴው ዕቃውን ያወርዳል፣ ባሪያው ግን ከዕቃው ጋር ይወርዳል።

ቻፑ ከሞካ በኋላ ባግዳድ ደረሰ። በዚያ የገዛው ሚር ቃሲም አስተማረው፤ እስልምናንም ተቀብሎ አምባር ተባለ። ቃሉ በዐረብኛ ከዓሣ ነባሪ የሚገኘውንና በባሕር ላይ ተንሳፍፎ የሚለቀመውን ሽቱ ያመለክታል። ባሮችን በውድ ሸቀጥ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። በመሆኑም ስሙን ከከምባታው የአምባሪቾ ተራራ ጋር ማያያዝና የትውልድ ቦታው ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ሻገራ ወደ ሕንድ የወሰደው ነው። በዚህ ባሕር ላይ የጉዞውን ቀን የሚወስነው ነፋስ ነበር፤ በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ወቅቱ ያመለጠው መርከብ ወራት ይጠብቃል። በዚህ መስመር ከሚጫኑት አንዱ ደካን አጥብቆ የሚፈልገው ፈረስ ነበር፤ ሌላው ወታደር የሚሆን ባሪያ ነበር። በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምባርን የገዛው የአሕመድናጋር ዋና ሚኒስትር ቸንጊዝ ኻን ራሱ ሐበሻና የቀድሞ ባሪያ ሲሆን፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሐበሾች ነበሩት።

ቸንጊዝ ኻን ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ፤ ለረጅም ጊዜም ቅጥረኛ ወታደር ሆኖ ኖረ። በ1600 የአሕመድናጋር ምሽግ በሙጋሎች እጅ ሲወድቅ፣ ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንዱን አንግሦ ልጁን ዳረለት። ፈጣን ፈረሰኞችን እየላከ የጠላትን ስንቅ መቁረጥ ዋና ስልቱ ሆነ። በ1610 ኻድኪን መሠረተ፤ ይህች ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ተብላለች። ውሃ ከሩቅ የሚያመጣ የከርሰ ምድር ቦይም አሠራላት። በ1624 በባትቫዲ የሙጋልንና የቢጃፑርን ጥምር ኃይል ድል ነሣ፤ በ1626 ሞቶ በኹልዳባድ ተቀበረ።

አምባር ሥልጣን ላይ ሳለም ኃይሉ የተመካው በፈረስና በሐበሻ ወታደር፣ ማለትም እርሱን ራሱን ባመጣው የባሕር መስመር ላይ ነበር። የአሕመድናጋር መንግሥት በጠረፉ ያለውን የጃንጂራ ደሴት ምሽግ ለሐበሻ አዛዦች አደራ መስጠቱም ባሕሩ ምን ያህል ወሳኝ እንደነበር ያሳያል። የአምባር ከፍታ ግን የንግዱን ጭካኔ አይሸፍንም፤ በዚያው መስመር የተጓዙት አብዛኞቹ ስማቸው አልተመዘገበም። የከምባታንና የሐዲያን የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ከደጋው ትውፊት ጎን ለጎን የሞካን፣ የባስራንና የደካንን መዛግብት መመርመር የሚገባው ለዚህ ነው።