የቁልፍ ሠሪው ልጅ ጌኦርግ ኦም

ማታ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ሲል ያላየ በሮቢትም ሆነ በቆቦ ያለ አይመስለኝም። የዚህን ምክንያት በቁጥር ያሳየው ጌኦርግ ሲሞን ኦም የተባለ ጀርመናዊ መምህር ስለሆነ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ አቀርባለሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦም በ1789 በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ትምህርት ቤት ገብተው ሳይሆን በራሳቸው ጥረት ሒሳብ አጥንተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው። እናቱ የሞቱት ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ1805 ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ጭፈራ፣ ቢሊያርድና የበረዶ ላይ ሸርተቴ ስላበዛ አባቱ ተቆጥተው አስወጡት። (የእኛም ወላጆች ቢሆኑ ከዚህ የተለየ አያደርጉም።) ስዊዘርላንድ ሄዶ ሒሳብ እያስተማረ ቆይቶ በ1811 ተመልሶ የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ።

በ1817 በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በትርፍ ጊዜው የኤሌክትሪክ ፍሰት በሽቦ ርዝመት እንዴት እንደሚለወጥ ይመረምር ጀመር። ችግሩ የዚያ ዘመን ባትሪ እየተለካ ሳለ ይደክም ስለነበር ልኬቱ አልረጋለትም፤ በ1825 ያሳተመው ቀመርም ትክክል አልሆነም። ፖገንዶርፍ የተባለ ምሁር በመከረው መሠረት ባትሪውን ትቶ መዳብና ቢስሙት አጋጠመ፤ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አደረገ። የሁለቱ ሙቀት ስለማይለዋወጥ ግፊቱም ጸና። ከዚያ ከ2 እስከ 130 ኢንች የሚረዝሙ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን ተራ በተራ እያገናኘ፣ ፍሰቱን በተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ለካ። በ1826 እውነተኛው ሕግ ተገኘ።

ይህንን ሕግ የራያ ገበሬ ከጎሊና ወንዝ ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ሲመራ ካየነው አይከብደንም። የመሬቱ ቁልቁለት ቮልቴጅ ነው፤ በቦዩ የሚያልፈው ውኃ ፍሰቱ ነው፤ የቦዩ ጥበትና ርዝመት ደግሞ እንቅፋቱ ነው። ፍሰት የሚገኘው ቮልቴጅን ለእንቅፋት በማካፈል ነው። 220 ቮልት በ22 ኦም ውስጥ 10 አምፔር ያሳልፋል፤ እንቅፋቱ 44 ኦም ቢሆን 5 አምፔር ብቻ። አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ፤ ከፖሉ እስከ ቤት የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ 2 ኦም እንቅፋት ቢኖረውና 10 አምፔር ቢያልፍበት፣ 20 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ለአምፖሉ የሚደርሰው 200 ብቻ ነው። ሽቦው በረዘመና በቀጠነ መጠን ጉዳቱ ይብሳል።

ኦም ይህን ሁሉ በሒሳብ አስፍሮ በ1827 በበርሊን መጽሐፍ አሳተመ። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ያስገኝልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን በአገሩ ከነበሩት ምሁራን ብዙዎቹ የተፈጥሮ ነገር በሒሳብ መተንተኑን አልወደዱም፤ መጽሐፉን ያጥላሉም ነበሩ። የኮሎኙን ሥራ ለቆ በበርሊን በሳምንት ጥቂት ሰዓት እያስተማረ በችግር ኖረ። በ1833 ኑረምበርግ ተቀጠረ። አገሩ ዝም ሲል በ1841 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይ ሸለመው። የሚመኘውን የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነት ያገኘው በ1852፣ በ63 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት አስተምሮ በ1854 ዐረፈ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት በስሙ ኦም የተባለውን የእንቅፋቱን መለኪያ አጸደቁት።