የወረፋው ሊቅ፥ አግነር ኤርላንግ

ባለፈው ወር እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ካሉት አዳራሾች በአንዱ ስብሰባ ላይ ሳለን መብራት ድንገት ጠፋ። የሽቦ ሽታም ስለ ሸተተን ሁላችንም ወደ በሩ አመራን፤ ሦስት መቶ ያህል ነበርን። በሩ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው፤ ነገር ግን አንደኛው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም ተብሎ ከላይም ከታችም ተቀርቅሯል። አንዲት እኅታችን እደፉ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። በማግሥቱ ነገሩን ለአንድ የሒሳብ ተማሪ ወዳጄ ሳጫውተው የኤርላንግን ስም አነሣልኝ። እኔ የቋንቋ ተማሪ በመሆኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በሒሳብና በስልክ ሰዎች ዘንድ ግን ስሙን የማያውቅ የለም።

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በአውሮፓ አቈጣጠር (ዘመኑን ሁሉ በዚሁ እጽፋለሁ) በጃንዩወሪ 1 ቀን 1878 በዴንማርክ አገር ሎንቦርግ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱን የመንደሩ የኔታ ብንለው አንሳሳትም፤ ልጆች ያስተምራል፥ የቤተ ክርስቲያኑንም ጽሕፈት ይሠራል። ማታ ማታ ወንድሙ መጽሐፍ ሲያነብ ኤርላንግ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ያንኑ ገጽ እንደ ተዘቀዘቀ ያነበው ነበር ይባላል። በዐሥራ አራት ዓመቱ፥ ዕድሜው ገና ስለ ነበረ በልዩ ፈቃድ፥ ተፈትኖ በብልጫ አለፈ። በ1896 በነፃ ትምህርት ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1901 ጨርሶ ሰባት ዓመት ያህል በትምህርት ቤቶች አስተማረ።

በሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ መሐንዲስ ከየንሰን ጋራ ተዋወቀና በ1908 በኩባንያው ተቀጠረ። የቀረበለት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለአንድ ከተማ ስንት የስልክ መሥመር ይበቃል? መሥመሩ ካነሰ ደዋዩ ይጉላላል፤ ከበዛ ገንዘብ ይባክናል። የዋህ ሰው እንዲህ ያሰላል፤ በሰዓት ስድሳ ሰው ቢደውልና እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢነጋገር አንድ መሥመር ልክ ይበቃል። ደዋዮች ግን ተማክረው አይደውሉም። በአንዱ ደቂቃ ማንም የለም፥ በሚቀጥለው አምስት ሰው ይመጣል፤ ሥራ የፈታው ደቂቃም ለተጨናነቀው አይቀመጥም። ጧት ሽሮ ሜዳ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ቀደም ሲል ባዶውን ያለፈው ወንበር ኋላ ለሚደርሰው ሰልፈኛ አይተርፈውም።

ኤርላንግ ይህንን በ1909 በዕድል ሒሳብ አስረዳ፤ በ1917 ደግሞ ስንቱ ደዋይ መሥመር አጥቶ እንደሚመለስና ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚሰላባቸውን ቀመሮች አወጣ። በዚህ መንገድ ሲታሰብ፥ አንድ መሥመር ከጊዜው ግማሹን ብቻ ከሠራ፥ የሚነጋገረውና ወረፋ የያዘው ባንድነት በአማካይ 1 ሰው ነው። ከመቶ 80 ሲሠራ 4 ሰው ይሆናል፥ 90 ሲሠራ 9፥ 95 ሲሠራ 19። ሥራው በጥቂቱ ሲጨምር ወረፋው በብዙ ይጨምራል። እንግዲህ ሥራ ፈት መስሎ የሚታየው መሥመር፥ ወይም የተቀረቀረው መዝጊያ፥ ትርፍ አይደለም።

በ1989 ዩሃስኪና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የኤርላንግን አሳብ ከስልክ ወደ ሕንፃ መተላለፊያ አመጡት። በእነርሱ ስሌት አንድ ካሬ ሜትር ወለል ቢበዛ አምስት ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ርዝመቱ 20፥ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ መተላለፊያ 200 መሥመር እንዳለው ስልክ ይቈጠራል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የስልክ መሥመር ጐረቤቱ ስለ ተያዘ ሥራው አይዘገይም፥ ሰው ግን ይዘገያል። ብቻውን የሚሄድ ሰው በሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል እየተራመደ መተላለፊያውን በ13 ሴኮንድ ያህል ይጨርሳል፤ ሰው በበዛ ቍጥር እርምጃው እያጠረ ይሄዳል፥ መተላለፊያው ሊሞላ ሲል መቆም ይቀራል። የእኛም በር በአንድ መዝጊያ በሴኮንድ አንድ ሰው ቢያሳልፍ ሦስት መቶ ሰው ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ሳይገፋፉ። ለአዳራሹ ኃላፊ ይህንኑ ብንነግረው የመቀርቀሪያው ቁልፍ ጠፍቷል አለን።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ኤርላንግ ሚስት አላገባም። የቤተ ሙከራ ረዳት ባልነበረው ጊዜ መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ በኮፐንሃገን ጐዳና እየዞረ፥ የስልክ ገመድ ወደሚያልፍበት ጕድጓድ እየወረደ፥ የኤሌክትሪክ ልኬቱን ራሱ ይለካ ነበር። ችግረኞች እሥራ ቦታው ድረስ ይመጡበታል፤ እርሱም ሰው ሳያይ ይሰጣቸዋል። የሚጽፈው በጣም አጭር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ማስረጃውን እንኳ ይተወዋል፥ ይህም አንባቢዎቹን ሳያስመርር አልቀረም። ቢሆንም አንድ የአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሰው ጽሑፎቹን በመጀመሪያው ቋንቋ ለማንበብ ሲል ዴንማርክኛ ተማረ ይባላል።

በኩባንያው ሃያ ዓመት ያህል ሲሠራ ታሞ አያውቅም ነበር። በጃንዩወሪ 1929 ግን ሆዱን ታመመና ሆስፒታል ገብቶ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ በፌብሩወሪ 3 ቀን በ51 ዓመቱ ሞተ። በ1946 የስልክ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የስልክ ጭነት የሚለካበትን መስፈሪያ ኤርላንግ ብሎ ሰየመው።