ጣሪያ የሌለው ፉርጎና የመሐንዲሱ ሒሳብ

ባቡር በአውሮፓ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ የፈረንሳይ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ጣሪያ በሌለው ፉርጎ፣ ዝናብ እየወረደበት የሚጓዝበት ጊዜ ነበር። ነገሩን የኩባንያዎቹ ስስት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። መሐንዲሱ ዡል ዱፕዊ ግን በዚህ አልረካም። ለጣሪያ የሚወጣው ገንዘብ ኢምንት ነው። ጣሪያው የቀረው የሁለተኛ ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ነው፤ ድሃው የሚበደለው ተጠልቶ ሳይሆን ባለገንዘቡ እንዲፈራ ነው ሲል አስረዳ። ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው (ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)።

ዱፕዊ በ1804 የተወለደው ዛሬ ጣሊያን ውስጥ በምትገኘው ፎሳኖ ነው። አካባቢው ያኔ በናፖሊዮን ፈረንሳይ ሥር ነበር። በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ፣ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ተምሮ፣ የመንግሥት የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ሆነ። ኢኮኖሚክስን የተማረው ከጠጠርና ከቧንቧ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1842 ስለ መንገድ ጥገና ሲጽፍ ያነሳው ጉዳይ ዛሬም የበጀት ሰዎችን ያስቸግራል። መንገድ ሁለት ከፋይ አለው፤ አንዱ የሚጠግነው መንግሥት፣ ሌላው በተበላሸ መንገድ ፈረሱንና ጋሪውን የሚጨርሰው ባለጋሪ ነው። ጥገናን በመቀነስ የተገኘ ቁጠባ፣ ወጪውን ወደ ባለጋሪው ከማዛወር ያለፈ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ሒሳቦች ተደምረው መታየት አለባቸው ባይ ነበር።

ትልቁ ሥራው ግን የሕዝብ ሥራዎችን ጥቅም ስለ መለካት በ1844 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ምሳሌው ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ውኃ የቸገራት ከተማ ናት። በቀን 100 ሊትር፣ ማለትም አምስት ጀሪካን፣ ለማግኘት በዓመት 50 ፍራንክ ይከፈላል። ያን ከፍሎ የሚወስድ ሰው ውኃው ቢያንስ 50 ፍራንክ ያወጣለታል ማለት ነው። ፓምፕ ተተከለና ዋጋው 30 ሆነ። ሰውየው በመጀመሪያው 100 ሊትር 20 ፍራንክ ተረፈው፤ ሁለተኛ 100 ሊትርም ጨመረ። ለዚህኛው ግን 50 አይከፍልም ነበር፤ ቢያንስ 30 ያወጣለታል። ዋጋው 20 ሲሆን ቤቱን በየቀኑ ለማጠብ፣ 10 ሲሆን አትክልት ለማጠጣት፣ 1 ፍራንክ ሲደርስ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚፈስ ፏፏቴ ለማቆም ይፈልጋል። ከአንድ ቧንቧ የወጣ ውኃ ለአንድ ሰው እንኳ አንድ ዋጋ የለውም። ውኃ በጀሪካን ገዝቶ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

እንግዲህ ሒሳቡ ሁለት ወገን ያስቀይማል። ከእርሱ በፊት ታዋቂው መሐንዲስ ናቪዬ በ1832 የቦይን ጥቅም ሲያሰላ፣ በእያንዳንዱ ቶን የቀነሰውን የማጓጓዣ ዋጋ በጠቅላላው ጭነት አባዝቶ ነበር። ዱፕዊ እንዳሳየው ግን ብዙው ጭነት የተንቀሳቀሰው ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የተባለው ጥቅም ተጋንኗል። በሌላ በኩል ገቢን እንደ ስኬት የሚቆጥረውም ስቷል። ድልድይ ላይ ክፍያ ሲጣል፣ ከፍሎ የሚሻገረው ሰው ገንዘብ ከኪስ ወደ ኪስ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ክፍያውን ፈርቶ የቀረው ሰው ጥቅም ግን ጠፋ፤ ማንም አላገኘውም። ይህ ኪሳራ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ይሁን እንጂ ሁሉም በነፃ ይሁን አላለም። የግንባታው ወጪ መመለስ ካለበት፣ ከአንድ ወጥ ዋጋ ይልቅ እንደ ተጠቃሚው አቅምና ፍላጎት የተለያየ ዋጋ ማስከፈል ብዙ ሰው ያሻግራል ባይ ነው። ለምሳሌ ኮፍያና የሥራ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይክፈል። የሕግ ትምህርት የወጣልኝ ሰው ነኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ማን ሠራተኛ፣ ማን ጌታ እንደሆነ በድልድዩ አፍ የሚወስነው ማነው? ኮፍያ አይቶ የሚቀንስ ዘበኛ ጉቦ አይቶም ይቀንሳል። ደግሞስ ያ ጣሪያ የሌለው ፉርጎ የዚሁ ሐሳብ ልጅ አይደለምን? ዱፕዊ በሽታውንም መድኃኒቱንም ከአንድ ሥር ማውጣቱን እኔ እንደ ድክመት አየዋለሁ፤ ኢኮኖሚስት ወዳጆቼ ግን አይስማሙኝም።

ሙግት በሕይወቱም አላጣም። ቦርዳስ የተባለ የሙያ ባልደረባው ጥቅምን ከዋጋ ለይቶ መለካቱን በ1847 ሲነቅፍበት፣ ዱፕዊ በ1849 መልስ ሰጠ። በ1850 የፓሪስ ከተማ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የውኃና የፍሳሽ ሥራውን መራ፤ በ1854 ስለ ውኃ ሥርጭት ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1855 ዋና ኢንስፔክተር ሆነ። በ1866 ፓሪስ ውስጥ በ62 ዓመቱ አረፈ።

እንግሊዛዊው ጄቮንስ በ1879 የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም ሲያወጣ ዱፕዊ እንደቀደመው በመቅድሙ መሰከረለት። ማርሻል በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ያ የ20 ፍራንክ ትርፍ የሸማች ትርፍ ተብሎ የሚታወቀው ጽንሰ ሐሳብ ሆኖ ተስፋፋ። የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያዎች ግን ዱፕዊን የሚያውቁት በሌላ ነው፤ በ1863 ያሳተመውን የጉድጓድ ውኃ ቀመር በስሙ ይጠሩታል።